በምሳ ሰዓት ያስተዳደርነው አገር

ባለፈው ሰኞ ዊንጌት ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ አንድ ሰው ከኋላዬ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ዞር ስል አስቴር ናት፣ የመስፍን ሚስት። መጀመሪያ አላወቅኋትም። ያቺ ስትስቅ ከሩቅ የምትሰማ ደልደል ያለች ሴት ከስታ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። በአንድ እጇ ካሮትና ጎመን የታጨቀበት ፌስታል፣ በሌላው የመድኃኒት ከረጢት ይዛለች። «እትዬ ጸዳለ፣ ጌታ ነው ያገናኘን፤ ስለ እርስዎ እያሰብኩ ነበር» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሰው ስለ እኔ እያሰበ እንደነበር ሲነግረኝ አንድ ነገር ያጠፋሁ ይመስለኛል። በእርግጥም አጥፍቻለሁ። መስፍን ስትሮክ ከመታው አራት ወር አልፎታል፤ እኔ የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ሆስፒታል ተኝቶ ማንንም በማያውቅበት ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴን አመካኘሁ፣ ሸጎሌ ያለው ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ መሆኑን አመካኘሁ፣ ዝናቡን አመካኘሁ። እኔ ጸሐፊ፣ እሱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነን ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ መሥሪያ ቤት አብረን ሠርተናል። እንዲህ መጥፋቴ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«አሁን ደህና ነው፣ ማለቴ… ይቀመጣል፣ በግራ እጁ ይበላል» አለችኝ። «ምላሱ ግን አልፈታ አለ። አንድ ቃል ብቻ ናት የቀረችው።»

«ምን የምትል?»

«እሺ። ሻይ ልስጥህ ስለው እሺ፣ አልስጥህ ስለው እሺ።»

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ፤ ወዲያው አፈርኩ። እኔ የማውቀው መስፍን «አይሆንም» ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነበር። ፀሐይ ወጣች ብትሉት እንኳ መጀመሪያ አይሆንም ብሎ ነው ቀና የሚለው። አስቴር አልተቀየመችኝም። ወረፋው ወደፊት ሲንቀሳቀስ ፌስታሏን እየጎተተች የቀረውን ነገረችኝ። ታናሽ ወንድሙ ታደሰ ቅዳሜ ናዝሬት ሊወስደው ነው። እሱ ቤት ደረጃ የለም፣ ሰፊ ግቢ አለ፣ የሚያግዝ ሰው አለ። «ክፋት የለበትም፣ እውነቱን ነው» አለችኝ። «እኔ ብቻዬን ከአራተኛ ፎቅ አውርጄ ፀሐይ ላሞቀው አልችልም። ግን እትዬ፣ እሱ ይፈልግ አይፈልግ በምን ልወቅ? ትሄዳለህ ስንለው እሺ ይላል። እዚህ ትቀራለህ ስለውም እሺ ይላል። ታደሰ የመጀመሪያዋን እሺ ይዞ ‹ይኸው ፈቅዷል› ይለኛል።»

«አልፈልግም ቢልስ?»

«አንዴ፣ አንዴ ብቻ እምቢ ቢል በግድ አልወስደውም ብሎኛል። ንግግር የምታለማምደው ልጅ ደግሞ ‹ድሮ አጥብቆ የሚከራከርበት ነገር ካለ በእሱ ሞክሩ› አለችኝ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ጨዋታ። ከእርስዎ ጋር የምትጨቃጨቁበት።»

ሐሙስ እመጣለሁ አልኳት። ታክሲው ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ መውረጃዬን አለፍኩ፤ ረዳቱ «እማማ፣ የት ነው የሚወርዱት?» ባይለኝ ዞሬ ዊንጌት እመለስ ነበር። እማማ መባሉንም እስካሁን አልለመድኩትም።

እኔና መስፍን አብረን በምንሠራበት ጊዜ ከዊንጌት ፒያሳ በስልሳ ሳንቲም ይኬድ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ከዊንጌት ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው አረንጓዴ የተቀባ ረዥም ቤት ነበር፤ ዛሬ ሄጄ ላሳያችሁ ብል የማሳያችሁ የመስታወት ፎቅ ነው። ከፊት ለፊቱ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ ጎን ሙዚቃ ቤት ነበር። ሻይ ሠላሳ አምስት ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ ስሙኒ፤ ቦንቦሊኖው ደግሞ የዛሬው ዓይነት በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ አልነበረም፣ ዘይቱ እስከ ክርን ይወርዳል። ሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ደጃፉ ላይ ሰቅሎ፣ አዲስ ካሴት እስኪወጣ ድረስ ያንኑ አንዱን ሲያጮኸው ይውላል። እኛም ሳንወድ በግድ ዘፈኑን እናጠናዋለን። አንድ ጊዜ «ለክቡር ሥራ አስኪያጅ» ብዬ ልጀምር ስል «ዓይንሽ» ብዬ ጽፌ ንጹሕ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ትከሻው ስፖንጅ የታጨቀበት ኮት እንለብስ ነበር፤ ቀጫጫዋ ሁሉ ከኋላ ስትታይ ቦክሰኛ ትመስላለች። በክረምት ተረከዘ ረዥም ጫማችንን በፌስታል ይዘን፣ ጭቃውን በሸራ ጫማ አቋርጠን፣ በዘበኛው ጎጆ ውስጥ ቀይረን እንገባለን። የፖለቲካውን ነገር ተዉት። ዘመን ተለወጠ ሲባል እኛ ጸሐፊዎች የምናውቀው የማኅተሙ ቅርጽ ሲቀየር ነበር።

ኮምፒውተሩ የመጣ ዕለት አንድ ክፍል ተለቀቀለት። ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ መጋረጃ ተሰፋለት። ሥራ አስኪያጃችን እንኳ ምንጣፍ አልነበራቸውም። አቧራ ይገድለዋል ስለተባለ በሩ ላይ «ጫማ አውልቀው ይግቡ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ልብስም የሠራሁለት እኔ ነኝ፣ ነጭ ዳንቴል፣ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ አበባ ያለው። ጠዋት ጠዋት ዳንቴሉን ገልጠን እናነቃዋለን፣ ማታ መልሰን እናለብሰዋለን። መስፍን ያን ጊዜ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ በቅባት የተጋደመ ጎረምሳ ነበር፤ ግን ጫማውን ሲያወልቅ የካልሲው ተረከዝ ቀዳዳ ነው። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ተክሌ ጫማቸውን ሲያወልቁ ደግሞ ሳንነጋገር መስኮት እንከፍታለን። የሞቀ አቧራና የካልሲ ሽታ፤ ዛሬም የሆነ ቦታ ሲሸተኝ ቆም እላለሁ። ሰው በዚህ ዓይነት ሽታ ይናፍቃል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ጨዋታውን መስፍን በአራት ፍሎፒ ዲስክ ይዞት መጣ፤ ከየት እንዳመጣው ጠይቄው አያውቅም። ስታስጀምሩት የኮምፒውተሩ መስኮት ጥቁር ነው። መሀሉ ላይ ትንሽ ብርሃን፣ ብርሃኑ ውስጥ ደግሞ ጓዛቸውን የተሸከሙ ጥቂት ሰዎች ቆመዋል። በቃ፣ ያ ነው መንግሥታችሁ። እነዚያን ሰዎች አስፍራችሁ ከተማ ትቆረቁራላችሁ፣ ከተማው ሌላ ሰው ይወልዳል፣ መንገድ ይወጣል፣ ፊደል ይፈለሰፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ሺህ ዓመት ይሄዳል። በሌላው ጥግ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያጫውታቸው ነገሥታት አሉ። እኔን የማረከኝ ግን የተራው ነገር ነው። የእናንተ ተራ ሲሆን ሁሉም ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ የጠላት ፈረሰኛ አጥራችሁ ሥር ደርሶ እንኳ ቁልፉን እስክትጫኑ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ከቤትም ከመሥሪያ ቤትም ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ እየተባለች ለምትኖር ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ቁልፉን ስትጫኑ ግን ሃምሳ ዓመት ያልፋል፣ አይመለስም።

የሰፋሪዎቹን ስም ጎጆ ወጪ ብለን አወጣንላቸው፤ ከየትም ብቅ እያሉ የሚዘርፉትን ሽፍታ አልናቸው። ዋና ከተማችን ሁልጊዜ ጉለሌ ነበር። መስፍን የጀማሪ ሕግ ብሎ በአንድ የተጣለ የማባዣ ስቴንስል ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈልን። የመጀመሪያዎቹን ጎጆ ወጪዎች ይዛችሁ የተሻለ ቦታ ፍለጋ አትዙሩ፤ እናንተ ስትዞሩ ሌላው ከተማውን እየሠራ ነው። ውኃ ዳር ስፈሩ። ከተማ ያለ ዘበኛ አንዲት ተራ እንኳ አይደር፤ ባዶ ከተማ ሽፍታ ሳይዋጋ ይገባበታል። ከዚያ ሌላ ጎጆ አስወጡ፣ ከዚያም ሌላ፤ አራት ከተማ ሳይኖራችሁ ሐውልት አታስቡ። ጎረቤት ሲገኝ ቶሎ ታረቁ፣ ጠብ ካለም ከአንዱ ጋር ይበቃል። እንዲህ ተጽፎ ሲነበብ ቀላል ነው። እኔ ግን ሐውልት እወዳለሁ። ሁለት ከተማ ይዤ ትልቁን ቤተ መጻሕፍት ልገንባ ስል መስፍን ከኋላዬ «አይሆንም! ጸዲ፣ አይሆንም! ማን ሊያነብልሽ ነው?» ይላል። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ እገነባለሁ። ከዚያ ሽፍታው መጥቶ ቤተ መጻሕፍቱን ከነከተማው ይወርሰዋል።

ጋሽ ተክሌን ግን እሱም አላሸነፋቸውም። ጋሽ ተክሌ በወጣትነታቸው ቆላ ተመድበው ወባ ሊገድላቸው ነበር፤ ስለዚህ ምድር ቢገለበጥ ወንዝ ዳር አይሰፍሩም። ጎጆ ወጪዎቻቸውን ይዘው ተራራ ፍለጋ ይሄዳሉ። መስፍን «ጋሽ ተክሌ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ወባ የለም እኮ!» ብሎ ይለምናቸዋል። «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ነድፎህ አያውቅ» ይሉታል። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ፤ ጉለሌ ተወልዶ ያደገ ሰው ደጋ ሲያይ ነው ልቡ የሚረጋ። የጋሽ ተክሌ ከተማ አናት ላይ ጉብ ብሎ፣ የሚበላው እህል አጥቶ፣ ለሁለት ሺህ ዓመት አንድ ሰው እንደሆነ ይቀራል። መስፍን ያየዋል፣ ራሱን ይይዛል። ግን አንድ ነገር ልመስክር፣ ሌላው ከተማ ሁሉ ሲወረር ያንን ረሃብተኛ ከተማ የደፈረው ጠላት አልነበረም።

ሦስት ነን፣ ኮምፒውተሩ አንድ፣ የምሳ ሰዓት አንድ። ስለዚህ አንዲቱን አገር በፈረቃ ያዝናት፤ ሰኞ እኔ፣ ማክሰኞ ጋሽ ተክሌ፣ ረቡዕ መስፍን፣ እንዲያ እያልን። ጋሽ ተክሌ የንብረት ሰው አይደሉ፣ ያለ ርክክብ አንዲት ወታደር አልቀበልም አሉ። ደብተር ተከፈተ። «እኔ ጸዳለ ጉለሌን ከአንድ ዘበኛና ከአንድ ጎጆ ወጪ ጋር በሙሉ ጤንነት ተረክቤያለሁ» ብዬ ፈርሜ ነው የምቀመጠው። አስረካቢ ይፈርማል፣ ተረካቢ ይፈርማል። የጎደለ ወታደር ካለ ጋሽ ተክሌ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ሰው የት ደረሰ?» ብለው ያፋጥጡናል። የሞተ ወታደር ምክንያቱ ካልተጻፈ ርክክቡ አይዘጋም። ዓመቱን ሙሉ ተጫውተን ያሸነፍነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ዕለት ዳንቴሉን ሳላለብሰው ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ደስታ ነው ያስረሳኝ። ስለ እኔና ስለ መስፍን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ብዙ አውርቷል። አልነበረም። ሊሆን ይችል ነበር ወይ ካላችሁኝ ይህን አሁን መመለስ አይጠቅምም። እሱ አስቴርን አገባ፣ እኔ ባለቤቴን አግብቼ ቀበርኩ። ጋሽ ተክሌም አረፉ። ጨዋታውን ይዞ የቀጠለው መስፍን ብቻ ነው፤ ጡረታ ወጥቶም ላፕቶፑ ላይ ጭኖ ይጫወት ነበር። የኮንዶሚኒየም ዕጣው ሸጎሌ ሲወጣለት «ሸጎሌም ጉለሌ ነው፣ ከጉለሌ አልወጣሁም!» ብሎ በስልክ ሲጮህብኝ ጆሮዬ ሊደነቁር ምንም አልቀረው።

ይህን የምጽፈው ዓርብ ጠዋት ነው። ትናንት ሐሙስ ሄድኩ። ሸጎሌ ስወርድ በጎች መንገዱን ሞልተውት፣ ሹፌሩ በጡሩምባ ነጋዴው በዱላ ይጯጯሁ ነበር። አራቱን ፎቅ በየደረጃው እያረፍኩ ወጣሁት፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ መስፍን ለምን እንደማይወርድ በደንብ ገባኝ። አስቴር ሶፋው ላይ በትራስ ደግፋ አስቀምጣዋለች። ሸሚዙ ተተኩሷል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ የሰው ዕቃ መስሎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ፊቱ በአንድ ጎን ፈካ። «መስፍን፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «እሺ» አለኝ። አንጀቴን በላው። ለጥፋቴ ስንት ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ አንዱንም አልጠየቀኝም።

አስቴር ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችልን። በግራው በኩል ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ጥቁሩ መስኮት መጣ፣ ትንሿ ብርሃን መጣች፣ ጎጆ ወጪዎቹ ጓዛቸውን ተሸክመው ቆመዋል። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ሕጉን አንድ በአንድ እጥሳለሁ፣ የሆነ ቦታ ላይ አላስችል ብሎት «አይሆንም» ይላል። ያቺን አንዲት ቃል ይዤ ለታደሰ እነግረዋለሁ። ወንዙ አጠገባችን ሳለ ሰዎቹን ይዤ ዞርኩ። አሥር ተራ፣ ሃያ ተራ፣ ሺህ ዓመት አዞርኳቸው። «እንዲህ ይሻላል አይደል?» «እሺ።» በረሃ መሀል አሰፈርኳቸው። «ጥሩ ቦታ ነው?» «እሺ።» ሌላ ጎጆ ሳላስወጣ ሐውልት ጀመርኩ። ዱሮ ቢሆን ወንበሬን ይነቀንቀው ነበር። ከጎረቤት ንጉሥ የዕርቅ መልእክት መጣ፣ ጦርነት ብዬ መለስኩ፤ ከሌላኛውም ጋር ተጣላሁ። «መስፍን፣ ሁለቱም ላይ ዘመትኩ እኮ!» «እሺ» አለ፣ በዚያ በለሰለሰ፣ የእሱ ባልሆነ ድምፅ። ዓይኑ ግን ከላፕቶፑ መስኮት አልተነቀለም። ይረዳል? አይረዳም? ተናደድኩበት፤ በታመመ ሰው ተናደድኩ። «አንተ ሰውዬ፣ አገርህን ገደል እየከተትኩልህ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አስቴር ከማዕድ ቤት አንገቷን አወጣችና መልሳ ገባች።

ያለችን አንዲት ከተማ ጉለሌ ናት፤ ውስጧ አንድ ዘበኛ ብቻ አለ። አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ሽፍታ ቆሟል። ዘበኛውን አንቀሳቅሼ ከከተማ አወጣሁት፤ ቦታውን ባዶ አድርጌ ወደ በረሃው ሰደድኩት። አሁን የቀረው ቁልፉን ተጭኖ ተራውን መልቀቅ ነው። ጣቴን ሳነሳ የመስፍን ግራ እጅ መጣና የእኔን ቀኝ እጅ ከጠረጴዛው ጋር አጣብቆ ያዘው። «አይሆንም? አይሆንም ነው? በለዋ!» አልኩት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ፣ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። «እ…» አለ። «እ… እሺ።» ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም ከዚያ በላይ ማዳመጥ አልቻልኩም። የሌላ ሰው አፍ ድረስ መጥቶ የቀረን ነገር ሰው እንዴት አድርጎ ያወጣለታል? ስድስት ሺህ ዓመት ቢሰጠኝ አላውቅበትም።

እንዲያ እንዳለን በሩ ተከፈተና ታደሰ ገባ። ወፈር ያለ ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን አውልቆ፣ እኔን ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሰላም ብሎ፣ የወንድሙን ግንባር ሳመ። የመኪናውን ነገር ለአስቴር ነገራት፣ ፍራሽ እንደሚነጠፍለት፣ ቀስ ብለው እንደሚሄዱ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ቅዳሜ እንሄዳለን አይደል?» አለው።

«እሺ» አለ መስፍን።

«አልፈለገም!» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንኳ የእብድ መሰለኝ። «ታደሰ፣ እጁን ተመልከት፣ እንዴት አድርጎ እንደያዘኝ። አይሆንም እያለ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

ታደሰ እጃችንን አየው፣ ፊቱም አዘነ። «እትዬ፣ ስለ መጡልን እግዜር ይስጥልን» አለኝ በቀስታ። «እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሁላችንንም እንዲህ አጥብቆ ይይዘናል።» አስቴርን አየኋት፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እሷንም ይዟት እንደነበር፣ እሷም እንደኔ ተናግራ እንዳልተሰማች ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ወደ መስፍን ዞርኩ። «አንዴ ብቻ» አልኩት፣ «ለእኔ ብለህ፣ አንዴ ብቻ አይሆንም በላቸው።»

«እሺ» አለኝ፣ እጄንም አጥንቴ እስኪያመኝ ድረስ ጨመቀው።